የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሙዚየሙ ምን ደብቆብናል?

በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ሙዚየም ናቸው። በተለይ ስለ ትንንሾቹ፣ የክልል ስለሚባሉት። አንዳንዱ ተናዶ ነው የጻፈው። ደግ አደረገ፤ የተናደደ ሰው ቢያንስ ሄዶ አይቷል ማለት ነው። ደብዳቤዎቹን ትንሽ አሳጥረናቸዋል። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

«ሰላም ለአዘጋጆቹ። የአካባቢያችንን ሙዚየም ጎበኘሁ። ክፍሎቹ ሦስት ብቻ ናቸው፣ ቶሎ ጨርሼ ወጣሁ። አስጎብኚው ግን ‹መጋዘን ውስጥ ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ አለ› አለኝ። ታዲያ ለምን አያሳዩንም? ለማን ነው የሚያስቀምጡት? የሕዝብ አይደለም እንዴ?» — የተናደደ ጎብኚ

ወንድሜ፣ የሕዝብ ነው። እዚህ ላይ ክርክር የለም። ዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 ፕራግ ላይ ባጸደቀው ትርጉም፣ ሙዚየም ለትርፍ የማይሠራና ኅብረተሰቡን የሚያገለግል ቋሚ ተቋም ነው። ሥራው ደግሞ መመርመር፣ መሰብሰብ፣ መንከባከብ፣ መተርጎምና ማሳየት ነው ይላል። ልብ በል፤ ማሳየት ከአምስቱ አንዱ ብቻ ነው።

አብዛኛው ዕቃ መጋዘን ውስጥ መሆኑ የአንተ አካባቢ ሙዚየም ብቻ ጉድ አይደለም። የዓለም ትልልቆቹም ለዕይታ የሚያወጡት ካላቸው ላይ ጥቂቱን ነው። አንዱ ምክንያት ቦታ ነው፤ እሱ ግልጽ ስለሆነ እንለፈው። ሌላው ብርሃን ነው። ብርሃን ጨርቅና ወረቀት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ይጠራቀማል። ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ፣ ከዚያ አንድ ቀን ቀዩ ሮዝ ሆኖ ታገኘዋለህ፤ የደበዘዘ ቀለም ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ ለጨርቅ፣ ለወረቀትና ለውሃ ቀለም ሥዕል የሚመከረው ብርሃን 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ነው። ቢሮህ ውስጥ ያለው ከ300 እስከ 500 ሉክስ ይሆናል። ሙዚየም ስትገባ «ምነው ጨለመ፣ መብራት ይቆጥባሉ እንዴ?» ያሰኘህ ይሄ ነው። በዚህ ብርሃንም ቢሆን ስስ የሆነ ጨርቅ ለጥቂት ወራት ይታይና ተመልሶ ጨለማ ውስጥ ያርፋል።

ሦስተኛው ምክንያት ብዙ ጎብኚ የማያስበው ነው። መጋዘን የምርምር ቦታ ነው። አንድ ምሳሌ ልንገርህ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሉት ዓመታት ብሪታንያ ውስጥ አንድ የጭልፊት ዘር ቁጥሩ ክፉኛ እያሽቆለቆለ መጣ። እናቲቱ ልትታቀፈው የተኛችበት እንቁላል ከሥሯ ይሰበራል። ዴሬክ ራትክሊፍ የሚባል ተመራማሪ በሙዚየሞችና በግል ሰብሳቢዎች እጅ የነበሩ አሮጌ የእንቁላል ቅርፊቶችን እየለካና እየመዘነ ከቅርብ ጊዜዎቹ ጋር አወዳደረ። ቅርፊቱ ከ1947 ገደማ ጀምሮ ድንገት ሳስቶ ተገኘ። ያ ደግሞ ዲዲቲ የተባለው ፀረ ተባይ በስፋት መረጨት የጀመረበት ጊዜ ነው። ጥናቱ በ1967 ወጣ፤ ከሱ በኋላ ሌሎች ተከተሉ፤ አሜሪካ በ1972 ዲዲቲ እርሻ ላይ እንዳይረጭ ከለከለች። እነዚያን እንቁላሎች የሰበሰቡት ሰዎች ስለ ዲዲቲ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ከየት እንዳነሱትና መቼ እንዳነሱት ግን በእንቁላሉ ላይ ወይ በካርድ ላይ ጽፈው ነበር። እንግዲህ አስበው፤ መሳቢያ ሙሉ እንቁላል ዐውደ ርዕይ ላይ ቢደረደር ማን ዞር ብሎ ያየዋል?

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ግን ሙዚየሞቹን ሙሉ በሙሉ ነፃ አላወጣቸውም። «ቦታ የለንም» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ ስንፍና መሸፈኛ ነው። አንድ ዐውደ ርዕይ ዓመት ከዓመት ሳይነካ ተቀምጦ መስታወቱ ላይ አቧራ ከጠጣ፣ ችግሩ የክፍል ብዛት አይደለም። እውነቱን ለመናገር መጋዘን የሚዘጋው አንዳንዴ ውስጡ ያለው በወጉ ስላልተመዘገበ ነው። ምን እንዳለው የማያውቅ ሰው ምን ብሎ ያሳያል?

ሌላ ቦታ መፍትሔ እየተሞከረ ነው። ሮተርዳም ውስጥ የቦይማንስ ቫን ቢውኒንገን ሙዚየም በ2021 መጋዘኑን ራሱን ለጎብኚ ከፍቷል፤ ከ150 ሺህ በላይ ዕቃ ያለበት ሕንፃ ነው፣ ሰው ገብቶ መደርደሪያውን ያያል፣ ጠጋኞቹን ሥራ ላይ ያገኛቸዋል። ለንደን ውስጥ ደግሞ የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በ2025 የከፈተው መጋዘን አለ። እዚያ ተማሪ ሁን ጡረተኛ፣ ምክንያት ሳትጠየቅ፣ ቀደም ብለህ ቀጠሮ ይዘህ እስከ አምስት ዕቃ ታዝዛለህ፤ አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡልሃል።

«እነሱ ገንዘብ አላቸው» ትለኝ ይሆናል። ልክ ነህ። ግን በወር አንድ ቀን አሥር ሰው ይዞ መጋዘን ማስጎብኘት ገንዘብ ሳይሆን ፈቃደኝነት ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ ሂድና «የመጋዘን ጉብኝት ቀን አላችሁ?» በል። የለም ካሉህ ስለ አንድ የተወሰነ ነገር ጠይቅ፤ «ከዚህ አካባቢ የመጣ የሽመና ዕቃ አላችሁ? ማየት እፈልጋለሁ» በላቸው። «ሁሉንም አሳዩኝ» የሚል ጎብኚን መመለስ ቀላል ነው። የሚፈልገውን የሚያውቅ ሰው ግን ያስቸግራል።

«ፍላሽ ለምን ይከለከላል? ዕቃውን ያበላሸዋል የሚባለው እውነት ነው?» — ፎቶ ወዳድ

የሚባለውን ያህል አይደለም። የዛሬ ካሜራ ፍላሽ የሚያበራው ለቅጽበት ነው፤ ቀኑን ሙሉ በመስኮት የሚገባው ፀሐይ ከሱ በብዙ ይከፋል። የሚከለከልበት ዋናው ምክንያት ሌላው ጎብኚ ነው፤ ዓይኑ ላይ የሚፈነጥቅበት ሰው መብት አለው። ደግሞም መስታወት ላይ ፍላሽ ስታበራ የምታነሳው የፍላሹን ነጸብራቅ ነው። አጥፋውና አንሳ። በውሰት የመጣ ዕቃ ላይ ፎቶ ጭራሽ ክልክል ከሆነ ግን አትከራከር፤ አዋሹ ውል ውስጥ አስገብቶት ሊሆን ይችላል።

«ሙዚየም ሄጄ በጣም የወደድኩት ነገር ኦሪጅናሉ ሳይሆን ግልባጭ መሆኑን መጨረሻ ላይ ሰማሁ። የተታለልኩ መሰለኝ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?» — አልተመቸኝም

ግልባጭ መሆኑ ከጎኑ ካልተጻፈ ቅሬታሽ ትክክል ነው። ከተጻፈ ግን ማታለል አይባልም። ከሁላችንም ቅርብ የሆነው ምሳሌ ድንቅነሽ ናት። እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሚገመተው። ብሔራዊ ሙዚየም ገብቶ ያያት ሰው አብዛኛው ያየው ግልባጯን ነው፤ እውነተኛዎቹ አጥንቶች በጥብቅ ክፍል ይጠበቃሉ። ቅሪተ አካል ድንጋይ ቢመስልም ተሰባሪ ነው፣ ምትክም የለውም።

ደግሞ ግልባጭ ኦሪጅናሉ የማይችለውን ይችላል። በ2008 ድንቅነሽ አሜሪካ በነበረችበት ጊዜ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሲቲ ስካን ተነሳች፤ ከ35 ሺህ በላይ ምስል ወጣ። በ2016 ተመራማሪዎቹ ከአጥንቶቿ ስንጥቅ ተነስተው «የሞተችው ከዛፍ ወድቃ ይመስለናል» የሚል ጽሑፍ ሲያወጡ፣ ከኢትዮጵያ መንግሥት ፈቃድ አግኝተው የአንዳንድ አጥንቶቿን ባለ ሦስት ገጽታ ፋይል ለሕዝብ ለቀቁት። አስተማሪ አትሞ ክፍል ውስጥ ሊያሲዘው ይችላል። ራሷን ካገኟት ሰዎች አንዱ የሆነው ዶናልድ ጆሃንሰን ደግሞ በመደምደሚያው አልተስማማም፤ እንዲህ ዓይነት ስንጥቅ በሌሎች እንስሳት ቅሪት ላይም በብዛት ይታያል ባይ ነው። እኔ የምወደው ይህን ነው። መረጃው ወጥቷል፣ ክርክሩም ወጥቷል፣ የፈለገ ሰው ፋይሉን ከፍቶ ስንጥቁን ራሱ ያያል።

«አባታችን ካረፉ በኋላ አንድ ሳጥን ፎቶና ደብዳቤ፣ እንዲሁም አሮጌ ካሜራቸውን አገኘን። ወንድሞቼ ‹ለሙዚየም እንስጥ› ይላሉ። ዝም ብሎ ወስዶ መስጠት ነው? ከዚያስ ጠፍቶብን ይቀር ይሆን?» — የመጨረሻዋ ልጅ

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። መጀመሪያ ምንም አትንኩ። «ንጹሕ አድርገን እንስጥ» ብሎ መወልወል፣ ማጠብ፣ የተቀደደውን በስኮች መለጠፍ፣ ፎቶውን ላሚኔት ማስደረግ፣ ይሄ ሁሉ ደግነት መስሎ የሚያጠፋ ነገር ነው። ስኮች ቢጫ ይሆናል፣ ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ማንም አያላቅቀውም። ደብዳቤዎቹ በላስቲክ ታስረው ከሆነ ላስቲኩን ፍቱት፤ ከጊዜ ብዛት ወረቀቱ ላይ ይጣበቃል። ቅደም ተከተላቸውን ግን አታዛቡ። ደብዳቤው ከየትኛው ደብዳቤ ጋር እንደነበረ ራሱ መረጃ ነው።

ቀጥሎ ዋናው ሥራ። ፎቶዎቹ ላይ ያሉትን ሰዎች የሚያውቅ ማን በሕይወት አለ? አክስት ይሁኑ፣ የአባትሽ የሥራ ባልደረባ ይሁኑ፣ ሄደሽ አጠገባቸው ተቀመጪ። ስልክሽን መቅጃ ላይ አድርጊውና አንድ በአንድ አሳዪያቸው። ይሄ ማን ነው? የት ነው? ማን ነው ያነሳው? ከጎን ቆማ የምትስቀዋ ማን ናት? የሚነግሩሽን በደብተር ጻፊ። ፎቶው ጀርባ ላይ መጻፍ ካለብሽ በእስክርቢቶ አይሁን፤ በለስላሳ እርሳስ፣ ጠርዙ ላይ፣ ሳትጫኚ ጻፊ። ታሪኩ ሳይነገር ሙዚየም የገባ ዕቃ ዲዳ ነው። የእናንተ ካሜራ ዓይነት ሌላ ሺህ ቦታ ይገኝ ይሆናል። አባትሽ በሱ ምን እንዳነሱ፣ ፊልሙን የት እንዳሳጠቡ፣ ለምን ማንሳት እንዳቆሙ የሚያውቅ ግን ቤታችሁ ውስጥ ብቻ ነው ያለው።

ከዚያ ወደ ሙዚየሙ ሂዱ፤ ሳጥኑን ሳትይዙ። ጥቂት ፎቶዎችን በስልክ አንስታችሁ አሳዩና የስብስብ ክፍል ኃላፊውን አነጋግሩ። «አንወስድም» ሊሏችሁ ይችላሉ፤ እንዳይከፋችሁ። ተመሳሳይ ነገር ብዙ ኖሯቸው ወይም በደንብ የሚይዙበት ቦታ አጥተው ሊሆን ይችላል። እውነት ለመናገር ያገኘውን ሁሉ ከሚቀበል ሙዚየም ይልቅ አስቦ እምቢ የሚል ይሻላል።

እሺ ካሉ ወረቀት መፈረም አለ። ስጦታ ከሆነ ባለቤትነቱ ይተላለፋል፤ ነገ «መልሱልን» ማለት አይቻልም፣ ሁልጊዜ ለዕይታ እንዲቀመጥ ማስገደድም አይቻልም። ይህን ሳያውቁ ፈርመው በኋላ የሚጣሉ ቤተሰቦች አሉ፤ ስለዚህ ወንድሞችሽ ሁሉ አንብበው ይፈርሙ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ጊዜው የተወሰነ ውሰት ይቻላል። ወይም ሙዚየሙ ስካን አድርጎ ኦሪጅናሉን ይመልስላችሁ፤ ለፎቶና ለደብዳቤ ይሄ ብዙ ጊዜ ጥሩ መላ ነው። ፎቶዎቹን ማን ማተም እንደሚችልም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ጠፍቶ እንዳይቀር ላልሽው ደግሞ መለያ ቁጥሩን ጠይቂ። ዕቃ ሲገባ ቁጥር ይሰጠዋል። ለምሳሌ 2025.14.3 ከተባለ ብዙ ቦታ ትርጉሙ በ2025 የገባ፣ በዚያ ዓመት አሥራ አራተኛው ርክክብ፣ ከሱም ውስጥ ሦስተኛው ዕቃ ማለት ነው። ቁጥሩ እጅሽ ላይ ካለ ልጅሽም የልጅ ልጅሽም ሄዳ «ይሄን አሳዩኝ» ልትል ትችላለች። ቁጥር ሳይሰጡሽ «እናስቀምጠዋለን» ካሉሽ ሳጥኑን ይዘሽ ተመለሺ።

«ተማሪዎቼን ሙዚየም ይዤ ሄጄ ተሰቃየሁ። ይሯሯጣሉ፣ መስታወት ይደግፋሉ፣ ሲመለሱ የሚያስታውሱት መኪናውን ብቻ ነው። ምን ላድርግ?» — የ5ኛ ክፍል አስተማሪ

መምህር፣ ልጆቹ አይደሉም ጥፋተኞቹ። ሙዚየሙን ሙሉ ላሳይ ብለው ነው የተሰቃዩት። አንድ ክፍል ይበቃል። እንዲያውም አንድ ዕቃ ይበቃል። ቀደም ብለው ለብቻዎ ሄደው ይምረጡ፤ የሚያብረቀርቀውን ሳይሆን ብዙ ያገለገለውን። አንድ ያረጀ የእጅ መሣሪያ፣ መጥረቢያም ይሁን መዶሻ። ልጆቹን በትንንሽ ቡድን ከፍለው ፊቱ ያስቀምጧቸውና መግለጫውን ሳያነቡ እንዲስሉት ያድርጉ። ሲስሉ ያያሉ። እጀታው አንድ በኩል ብቻ ለምን አለቀ? ግራኝ ነበር እንዴ ባለቤቱ? እዚህ ጋ የታሰረው ሽቦ ከመጀመሪያውም ነበር ወይስ ሲሰበር ነው የተጨመረው? የተሰበረውን ከመጣል ማሰር ለምን መረጠ? መግለጫው መጨረሻ ላይ ይነበብ። ያኔ የራሳቸውን ግምት ስለሚያመሳክሩ ጸጥ ብለው ይሰማሉ።

«የሚነካ ስብስብ አላችሁ?» ብለውም ይጠይቁ። ብዙ ሙዚየሞች ለልጆች እጅ ብለው የለዩት፣ ቢሰበር የማያስለቅስ ዕቃ አላቸው፤ ካልተጠየቁ ግን አያወጡትም። አንድ ነገር ግን በጌታ፤ «የሁሉንም መግለጫ ገልብጣችሁ ኑ» የሚል የቤት ሥራ አይስጡ። ልጁ ከወረቀት ወደ ወረቀት ሲገለብጥ ዕቃውን ቀና ብሎ ሳያየው ይመለሳል።

«ለመመረቂያ ጽሑፌ የክልላችን ሙዚየም ስብስብ ላይ መሥራት ፈልጌ ደብዳቤ ብጽፍ መልስ አጣሁ። አማካሪዬም ‹ትንሽ ሙዚየም ለምርምር ምን ይሆንሻል› ይሉኛል። ልተወው?» — ተመራቂ

አትተዪው። ለአማካሪሽ ይቺን ታሪክ ንገሪያቸው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ኢስት ለንደን የምትባል የወደብ ከተማ አለች፤ ትንሽ የአካባቢ ሙዚየም ነበራት። ኃላፊዋ ማርጆሪ ኮርትኔይ ላቲመር የምትባል የ31 ዓመት ሴት ናት። ከዓሣ አስጋሪዎች ጋር ተግባብታለች፤ ወጣ ያለ ዓሣ ሲያገኙ ይደውሉላታል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 22 ቀን 1938 የዓሣ ማስገሪያ መርከብ ካፒቴኑ ሄንድሪክ ጎሰን አስደወለላት። በዓል ስለተቃረበ መርከበኞቹን «እንኳን አደረሳችሁ» ለማለትም ብላ ሄደች። ከተከመረው ዓሣ ሥር አንድ ሰማያዊ ክንፍ ታያት። ጎትታ ስታወጣው አንድ ሜትር ተኩል ገደማ የሚሆን፣ ቅርፊቱ እንደ ጥሩር የጠነከረ፣ አራት ክንፎቹ እግር የሚመስሉ ዓሣ ሆነ። የታክሲ ሹፌሩ «ይሄን የሚገማ ነገር አልጭንም» ብሎ ስንት ተለምኖ ነው የጫነው። የሙዚየሙ ቦርድ ሰብሳቢ አይቶ ናቀው። የምታቀዘቅዝበት ቦታ አጣች፤ የሬሳ ክፍል ሳይቀር ጠይቃ እምቢ አሏት።

እሷ ግን ሣለችው፣ ለካችው፣ ሥዕሉን ለዓሣ ተመራማሪው ጄ.ኤል.ቢ. ስሚዝ ላከች። በዓል ስለነበር ደብዳቤው ዘገየ። «አጽሙንና ስንጥቡን አቆዪ» የሚል ቴሌግራም ሲደርሳት የውስጥ አካሉ ተጥሎ ነበር፤ ቆዳው ግን ተገፎ ተርፏል። ዓሣው ሲላካንት ሆኖ ተገኘ። ሳይንስ ከዳይኖሰሮች ጋር ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጠፍቷል ያለው ዘር ነው። ስሚዝ በስሟ ላቲሜሪያ ብሎ ሰየመው፤ የዝርያው ስም ደግሞ ዓሣው ከተያዘበት አቅራቢያ ካለው ከቻሉምና ወንዝ መጣ። ሁለተኛው እስኪገኝ 14 ዓመት ፈጀ። የመጀመሪያው ዛሬም እዚያው ሙዚየም ውስጥ ይታያል። ለንደን ወይ ፓሪስ ያለ ትልቅ ሙዚየም ይሄን ዓሣ ሊያገኘው አይችልም ነበር፤ ከአስጋሪዎቹ ጋር ስልክ የሚደዋወል ሰው የለውማ።

አሁን ወደ ደብዳቤሽ። ምን ብለሽ እንደጻፍሽ አላየሁም፤ ግን ብዙ ተማሪ «በስብስባችሁ ላይ ጥናት ለማድረግ ትብብራችሁን እጠይቃለሁ» ብሎ ይጽፋል። ይሄ ለሚያነበው ሰው ሥራ መጨመር ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ያድራል። ምን ማየት እንደምትፈልጊ፣ ስንት ዕቃ፣ ስንት ቀን፣ ፎቶ ታነሺ እንደሆነ፣ መለካት ወይ መመዘን እንዳለ ጻፊ። መለያ ቁጥሩን ካላወቅሽ መጀመሪያ መዝገቡን ብቻ ለማየት ጠይቂ። ደብዳቤውን ከላክሽ በኋላ በአካል ሂጂና መዝገብ የሚይዘውን ሰው ተዋወቂ። ከሥራ አስኪያጁ ይልቅ ብዙ ነገር የሚያውቀው እሱ ነው።

ስትገቢ እርሳስ ያዢ፤ እስክርቢቶ አያስገቡሽም። ጓንት ነገር ላይ ደግሞ ፊልም ላይ እንደሚታየው አይደለም። ለአሮጌ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የታጠበና የደረቀ እጅ ይመረጣል፤ የጨርቅ ጓንት ገጹን በደንብ እንዳትሰሚው ያደርግና ይቀደድብሻል። ለፎቶና ለብረት ግን ጓንት ያስፈልጋል፤ የጣት ላብ አሻራ ትቶ ያልፋል። ስትጨርሺ የጽሑፍሽን ቅጂ ስጫቸው። ብዙ ተማሪ በልቶ ይሄዳል፣ አንድ ገጽ እንኳ አይመልስም፤ አንዳንዱ ሙዚየም ለተማሪ ፊት የሚነሳው በዚህ ምክንያት ነው።

«ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ላይ እየተጫነ ነው። ሕንፃ፣ ዘበኛ፣ ቲኬት ምን ያደርጋል?» — ዲጂታል ሰው

የተጫነው ብዙ ነው፣ እሱን አልክድም። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም በ2017 ወደ 375 ሺህ የሚሆኑ ምስሎችን ማንም እንዲጠቀምባቸው ለቀቀ። ስሚዝሶኒያን የሚባለው የአሜሪካ የሙዚየሞች ተቋም ደግሞ በ2020 በ2.8 ሚሊዮን ምስል ጀመረ። ለሥራህ የምትፈልጋቸው ከሆነ ዛሬውኑ አውርድ፤ ክፍያ የለም፣ ፈቃድም አያስፈልግም።

ግን ሁለቱ አይተካኩም። መስከረም 2 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ሪዮ ዴ ጄኔሮ ያለው የብራዚል ብሔራዊ ሙዚየም ተቃጠለ። 200 ዓመቱ ነበር፤ ከያዘው 20 ሚሊዮን ገደማ ነገር አብዛኛው በአንድ ሌሊት ጠፋ። የሙዚየም ትምህርት ተማሪዎች ወዲያው ሕዝቡን «እዚያ ያነሳችሁትን ፎቶ ላኩልን» አሉና ሰው በብዛት ላከ። ፎቶው ምን እንደነበረ ያሳያል። የዕቃውን ዕድሜ ግን ከፎቶ አትለካም፤ ነገ የሚፈጠር መሣሪያ ቢመጣ የሚመረምረው ዕቃውን እንጂ ምስሉን አይደለም። እንቁላሎቹን አስብ፤ በፎቶ ብቻ ቀርተው ቢሆን ማን ይመዝናቸው ነበር?

ትንንሽ ሙዚየሞች ላይ ደግሞ አንድ ነገር ያናድደኛል። ገንዘብ ሲገኝ መጀመሪያ የሚሠራው በስክሪን የሚሽከረከር ምናባዊ ጉብኝት ነው፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላው መሥራት ያቆማል። እኔ ብሆን መዝገቡን ነው የማስቀድመው። አንድ ስልክ፣ ነጭ ወረቀት ከጀርባ፣ ከጎን ማስመሪያ፣ ከዕቃው ጋር የሚታይ መለያ ቁጥር። እንደዚህ የተነሳ አንድ ሺህ ፎቶ ከነመግለጫው ቢጫን፣ አስተማሪዋም ተመራቂዋም ያ የተናደደው ጎብኚም የሚፈልጉትን ቤታቸው ሆነው ያገኙታል። ከዚያ ይመጣሉ።

«ከኛ አካባቢ የተወሰደ ዕቃ ላይ የተጻፈው መግለጫ ስህተት ነው። አገልግሎቱም የመጣበት ቦታም ተሳስቷል። ለአስጎብኚው ብነግረው ‹እኛ እንዲህ ነው የተነገረን› አለኝ። ማንን ላናግር?» — የአካባቢው ልጅ

የስብስብ ክፍሉን አናግር። በቃል ሳይሆን በጽሑፍ። የመግለጫውን ፎቶ፣ የዕቃውን መለያ ቁጥር፣ ስህተት ያልከውን፣ ትክክሉን፣ ከማን እንዳወቅከው ጻፍ። ከተቻለ ዕቃውን በሥራ ላይ የተጠቀሙበት አንድ አዛውንት ይዘህ ሂድ፤ ከአሥር ገጽ ማስረጃ ይበልጣል። ወዲያው ላያምኑህ ይችላሉ፣ እነሱም የሚጠብቁት ሕግ አላቸው።

ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት ተቀየረ ብለህ ግን አትመለስ። እሱ ቀላሉ ነው። መዝገቡ መታረም አለበት፤ ተመራማሪ የሚያነበው እሱን ነው፣ ቀጣዩ ዐውደ ርዕይ የሚዘጋጀውም ከሱ ነው። የድሮው ጽሑፍ አይሰረዝም፤ ከጎኑ አዲሱ መረጃ፣ ቀኑና የነገራቸው ሰው ስም ይጻፋል። የአዛውንቱ ስም እዚያ መግባቱን በዓይንህ አይተህ ውጣ። አስጎብኚውን ተወው፤ እሱ የሰጡትን ነው የሚያነበው።